የሁለት እርምጃ ጉርብትና



ስለ 2012 ዓመተ ምሕረት በሽታ የሚናገር ሰው ሁሉ ነገሩን ከኀዘን ይጀምራል። ይህም የተገባ ነው። በዓለም ሁሉ ብዙ ነፍስ ጠፍቷል፤ በአገራችንም አባቱን ወይም እናቱን ወይም የልብ ወዳጁን እንደ ወጉ ሳይሰናበት የቀበረ ሰው ብዙ ነው። እኛም በዚያ ቍስል ላይ ልንሥቅ ብዕር አላነሣንም። ነገር ግን የሰው ልጅ በመከራ ዘመን ውስጥ ሆኖ እንኳ ራት ይበላል፥ ጠጕሩ ያድጋል፥ ልጁ ያስቀዋል፥ ከጎረቤቱም ጋራ ቡና ይጠጣል። ይህ ትንሹ ነገር በታላላቁ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ስለማይጻፍ፥ ለቤተ ሰብ በተመደበው በዚህ ገጽ ላይ ጥቂቱን ብናስቀምጠው መልካም መስሎ ታየን።

የነገሩ መጀመሪያ እንዲህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. አስታወቀ፤ ከዚያም መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ ተነገረ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ ፈጠነ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ፍርድ ቤቶችም ከአስቸኳይ ጉዳይ በቀር ሥራቸውን በከፊል እንዲያቆሙ ሆነ፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ ቀረ፤ እጅ ለእጅ መጨባበጥ ተከለከለ፤ ሰውም ከሰው የሁለት አዋቂ እርምጃ ያህል ተራርቆ እንዲቆም ታዘዘ።

እኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንን የአዋጅ ቃል ማንበብ የዕለት እንጀራችን ነው። ሆኖም እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ እጃችንና ስለ ጕንጫችን የወጣ አዋጅ አንብበን አናውቅም ነበር።

የአገራችን ሰላምታ እንዴት ያለ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። አንድ ሰው ወዳጁን ሲያገኝ እጁን ይጨብጣል፥ ትከሻውን ከትከሻው ጋራ ያጋጫል፥ ጕንጩን ሦስትና አራት ጊዜ ይስማል፤ ሰንበትበት ብለው የተገናኙ እንደ ሆነ ደግሞ ቍጥሩ ይጨምራል። በዚህም መካከል ስለ ጤናው፥ ስለ ቤቱ፥ ስለ ልጆቹ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ተከለከለ። እጅ ሥራ ፈትቶ እንዲኖር አልተፈጠረምና ሰዎች ምትክ መፈለግ ያዙ። አንዱ ክርኑን አቀረበ፤ ሌላው በጫማው ጫፍ የባልንጀራውን ጫማ ነካ፤ አንድ የሥራ ባልደረባችንም ከሩቅ ቆሞ በገዛ እጁ የገዛ ትከሻውን አቅፎ ይወዘውዝ ነበር። የክርኑ ሰላምታ ግን ለእኛ አልሆነልንም። ስለምን ቢሉ፥ ሐኪሞቹ ሲያስነጥሳችሁ በክርናችሁ መታጠፊያ ተከለሉ እያሉ ይመክሩ ነበርና፥ ሰው ያስነጠሰበትን ክርን ለወዳጁ ሰላምታ ማቅረቡ ምን ዓይነት ጥበብ እንደ ሆነ ሊገባን አልቻለም።

በልጅነታችን ከየኔታ እግር ሥር ፊደልና ዳዊት ስንማር፥ ታላቅ ሰው ሲመጣ ከሩቅ ቆመን፥ ነጠላችንን አደግድገን፥ ዝቅ ብለን እጅ እንነሣ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ አስተማሪያችን ቀጥ ብሎ መቆምን፥ የሰውንም ዐይን እያዩ እጅን ጠበቅ አድርጎ መጨበጥን አስተማሩን። እነዚህ ሁለት ትምህርቶች በውስጣችን ሠላሳ ዓመት ያህል ሲከራከሩ ኖረዋል። በ2012 ዓ.ም. ግን ክርክሩ አለቀ፤ ሚሲዮኑ ተረታ፥ የኔታም ረታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለትልቁም ለትንሹም ከሁለት እርምጃ ላይ ሆነን እጅ ስንነሣ ከረምን፤ አያሌ ወጣቶችም ይህን አይተው፥ አዲስ የወጣ የሐኪም ትእዛዝ መስሏቸው፥ እንደኛው ያደርጉ ጀመር።

በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቧንቧ የተበጀለት የውሃ በርሜል ቆመ። ከአጠገቡም የሰውነት ሙቀት የሚለካ መሣሪያ የያዘ ዘበኛ ይቆማል። መሣሪያው ሽጉጥ የሚመስልና ወደ ግንባር የሚነጣጠር ነው። አንድ ቀን ከከተማ ወጣ ካለ ስፍራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ባለ ጉዳይ ወደ በሩ ቀረቡ፤ ዘበኛውም እንደ ሥራው መሣሪያውን ወደ ግንባራቸው ባነሣ ጊዜ ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው፦

«ልጄ፥ እኔ ከሳሽ ነኝ እንጂ ተከሳሽ አይደለሁም!» አሉ።

ዘበኛው ሣቁን ውጦ ነገሩን አስረዳቸው። እሳቸውም እጃቸውን አውርደው «እንግዲያስ ስንት ወጣ?» ብለው ጠየቁ፤ 36 መሆኑ ተነገራቸው። በሌላ ሳምንት ሲመለሱ እንደ ደንበኛ ተማሪ ግንባራቸውን አስቀድመው አቀረቡና ውጤታቸውን ጠየቁ። ዘበኛውም «36 ከግማሽ ነው አባባ» አላቸው። ሽማግሌውም፦ «ተመስገን! ግማሽ ተጨመረልኝ። ነገሬም እንዲሁ በሳምንት በሳምንት ፈቀቅ ቢልልኝ መልካም ነበረ» ብለው መረቁት። እኛም ይህን ከጓዳው ሆነን ሰምተን አንገታችንን ወደ መዝገባችን ደፋን።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛው ነገር ነው። ሕዝቡ ማስክ ይለዋል። ለዚህ ነገር ባለቤታችን ከአሮጌ ነጠላ ላይ ጥለቱን ቀድዳ ለቤተ ሰቡ ሁሉ አንዳንድ ሰፋችልን፤ ስለዚህ አፋችን የጥምቀት በዓል የሚያከብር መስሎ ይታይ ነበር። አፍ ከተሸፈነ በኋላ ግን ሰውን ማወቅ እንዴት አስቸጋሪ ነው! ታክሲው ከሰው ቍጥሩ ግማሹን ብቻ እንዲጭን ስለ ታዘዘ ሰልፉ ረዥም ነበረ። አንድ ማታ በዚያ ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለን አንድ ጐልማሳ ሰው መጥቶ እጅግ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣን። ቀጥሎም የሁለት ወር የዕድር መዋጮ እንዳልከፈለ፥ ይኸውም ሥራው ስለ ቀዘቀዘ እንደ ሆነ፥ ቢሆንም አንድ ቀን ስሙ ከመዝገብ እንዳይሰረዝ ሌሊት ሌሊት እንደሚያስብ በሰፊው ነገረን። ነገሩን ሲጨርስም ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋልን።

እኛም «ወንድሜ፥ የዕድር ዳኛ አይደለንም» ብለን ማስካችንን ጥቂት ዝቅ ብናደርግለት ሰውዬው ደንግጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከዚያም ትክ ብሎ አየንና፦

«ኧረ እኔ እርስዎን ዐውቃለሁ! ፊትዎን ባላውቀው ድምፅዎን ዐወቅሁት። እርስዎ ፍርድ ቤት ያሉት ተለዋጭ ቀጠሮ አይደሉም?» አለ።

አንባቢዎች ሆይ፥ ሃያ ዓመት ሊሞላን እስኪቃረብ ድረስ በቅንነት ባገለገልንበት መሥሪያ ቤት በሕዝብ ዘንድ የተሰጠንን ስም ያወቅነው በዚያ ማታ ነው። ሰውዬው በድምፃችን የሚያውቀው ይህን አንድ ቃል ብቻ ነበረ። ሆኖም ቅር አላለንም። በዚያ ዓመት ተለዋጭ ቀጠሮ ያልተሰጠው ማን ነበረ? ሠርገኛው ሠርጉን፥ ተማሪው ፈተናውን፥ መንገደኛው መንገዱን፥ እንግዳው እንግድነቱን ላልታወቀ ቀን አዛውሮት ነበር። ዓለሙ ሁሉ በአንድ መዝገብ ተከፍቶ የተቀጠረ ያህል ሆኖ ነበርና፥ እኛም ከሰውዬው ጋራ ሁለት እርምጃ ተራርቀን እስኪበቃን ሣቅን።

ቤታችንም የራሱ ጨዋታ ነበረው። ልጆቻችን ሦስት ናቸው፤ የትምህርታቸው ጽሑፍ በስልክ የሚላክላቸው ሲሆን ስልኩ አንድ ነው። ሦስት ተከራካሪ ለአንድ ርስት ማለት ይህ ነው። በመጨረሻ እኛ ራሳችን ዳኛ ሆነን ለእያንዳንዳቸው ሰዓት ወሰንን፤ ትንሹን ልጃችንን ግን ከስልኩ አውጥተን በየኔታ ሥርዓት ልናስተምረው ቈረጥን። ጧት ጧት በረንዳው ላይ አስቀምጠን በዜማ ሀ ሁ እናስቈጥረው ጀመር። ልጁም ይህን ያህል ድምፅ አውጥቶ መጮኽ በትምህርት ስም የተፈቀደ መሆኑን ባየ ጊዜ ደስታው ወሰን አልነበረውም።

የጠጕር ነገርም አለ። ጠጕር ቈራጩ ዘንድ መሄድ ስላስፈራን፥ ባለቤታችን ልብስ የምትሰፋበትን መቀስ ይዛ ተነሣች። ሥራው አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። በመካከሉ ትልቋ ሴት ልጃችን መጥታ ካየች በኋላ ምንም ሳትናገር ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ከውስጥም የታፈነ ሣቅ ተሰማ። ባለቤታችንም ሥራዋን እንደ ጨረሰች ጥቂት ራቅ ብላ ተመልክታን፦ «ግድ የለም፥ ያድጋል» አለች። ከዚህ የሚበልጥ አጭርና ቅን ፍርድ በችሎትም ሰምተን አናውቅ። ስለዚህ እስከ ሰኔ ድረስ ባርኔጣ ስናደርግ ከረምን። ከላይ ባርኔጣው፥ ከታች ማስኩ ሸፍኖን ከመላው ሰውነታችን ለዓለም የሚታይ የቀረው ዐይናችን ብቻ ነበረ።

እስካሁን የተናገርነው የሣቅ ነገር ነው። አሁን ግን ልባችንን የነካውን እንናገራለን።

ጉለሌ ከሚገኘው ቤታችን ጋራ በቆርቆሮ አጥር ተለይተው አንዲት መነኵሲት ይኖራሉ። እኛም ሰፈሩም እማሆይ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸው በዚያን ጊዜ ከሰማንያ አልፎ ነበር፤ የሚኖሩትም ብቻቸውን ነው። በደኅናው ዘመን ባለቤታችን ጧትና ማታ ትገባላቸው ነበር፤ ልጆቻችንም ቤታቸውን ከቤታችን ለይተው አያውቁትም። በሽታው ግን አረጋውያንን ይበልጥ የሚጎዳ መሆኑ በየቀኑ ይነገር ጀመር። እኛ ደግሞ ለአስቸኳይ ጉዳይ ወደ መሥሪያ ቤት እየተጠራን በታክሲ የምንመላለስ ነን። ብንገባላቸው በሽታ ይዘን መግባታችን ነው፤ ባንገባ ደግሞ ማን ይገባላቸዋል? በዚህ ነገር እኛና ባለቤታችን ሁለት ሌሊት ስንመካከር አደርን።

በሦስተኛው ቀን በአጥሩ ላይ ባለችው ትንሽ መዝጊያ በኩል ከሩቅ ሆነን ጭንቀታችንን ነገርናቸው። እማሆይም ቅር ሳይላቸው ሰሙንና እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፥ እናቴ የኅዳርን በሽታ በልጅነቷ አይታለች። ሰውን የጨረሰው በሽታው ብቻ አልነበረም ትለን ነበር። ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲተኛ ውሃ የሚያቀብል ይጠፋል። የተረፈውም ደጁን የሚያንኳኳ ሰው ያገኘ ነው። እናንተም አትግቡ፤ ነገር ግን አንኳኩ።»

የኅዳር በሽታ የተባለው በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታው፥ በዓለምም ሁሉ ተዛምቶ የነበረው ኢንፍሉዌንዛ ነው። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ በዚህ በሽታ ታመው የዳኑ መሆናቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ኅዳር 12 ቀን በከተማችን ከየደጁ ጥራጊው ተሰብስቦ ሲቃጠል የሚወጣውን ጢስ፥ ማለት ኅዳር ሲታጠን የሚባለውን ልማድ፥ ሕዝቡ ከዚያ በሽታ መታሰቢያ ጋራ ያያይዘዋል። ልጆቻችን ያን ጢስ በየዓመቱ ሲያዩ ያደጉ ናቸው፤ ምክንያቱን ግን ከአንደበት የሰሙት በዚያ ቀን በአጥሩ ሥር ነው።

ከዚህ በኋላ በእማሆይ ቃል መሠረት ሥርዓት ተሠራ። በመዝጊያዋ ወዲያና ወዲህ ሁለት እርምጃ ተለክቶ በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ተደረደሩ። ልኩን ትንሹ ልጃችን በእግሩ ሊለካ ቢጀምር እማሆይ «የአዋቂ እርምጃ ነው የተባለው» ብለው አስቆሙት፤ እኛ ብንለካ ደግሞ «ይህ የሰጎን እርምጃ ነው፥ ቡናዬ እስኪደርስ ይበርዳል» አሉ። በመጨረሻ በምርኩዛቸው ርዝመት ተስማማን። በመካከሉ በርጩማ ተቀመጠ። ባለቤታችን ቡናውን አፍልታ በእማሆይ በገዛ ሲኒያቸው ቀድታ በበርጩማው ላይ ታኖርና ወደ ኋላዋ እየተራመደች ከድንጋዩ ወዲህ ትመለሳለች፤ እማሆይም መጥተው ያነሡና ወደ ስፍራቸው ይመለሳሉ። ይህን ያህል ክብር ያለው የቡና ሥርዓት በቤተ መንግሥትም የተደረገ አይመስለንም።

ሁለተኛው ሥርዓት የማንኳኳቱ ነው። እማሆይ ከሌሊቱ ጸሎት በኋላ ጎሕ ሲቀድ ቆርቆሮውን በምርኩዛቸው ሦስት ጊዜ ይመቱታል፤ ይኸውም «አድሬያለሁ» ማለት ነው። እኛም በድስት ክዳን ሦስት ጊዜ እንመልሳለን። ይህን የሰሙ ወዲያ ማዶ ያሉት ጎረቤቶችም ለራሳቸው አረጋውያን እንዲሁ ያደርጉ ጀመር። ጥቂት ቀን ሳይቈይ ሰፈራችን በየጧቱ የቀጥቃጭ መንደር መሰለ። በልማድ ከተማረርነው የታክሲ ጩኸት ይልቅ ይህ ድምፅ ለጆሯችን እንዴት ጣፋጭ ነበረ!

የልጃችን ትምህርትም በዚህ ተጠቀመ። ልጁ በበረንዳው ላይ ሆኖ ሲያነብ እማሆይ ከአጥሩ ማዶ ያዳምጡታል፤ ፊደል የለዩ አይደሉም፥ ነገር ግን ሰባ ዓመት ቆመው የሰሙት ንባብ በጆሯቸው ተጽፏል። ልጁ ንባቡን ባሳተ ቍጥር ከወዲያ ማዶ ቆርቆሮው አንድ ጊዜ ጓ ይላል። ልጁም «የኔታ ቆርቆሮ» የሚል ስም አወጣላቸው፤ እሳቸውም ሰምተው ወደዱት።

የዚያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ። ምእመናን በየቤታቸው ሆነው እንዲጸልዩ በመመከሩ፥ የሌሊቱን ጸሎት በቴሌቪዥን ተከታተልን። ባለቤታችን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አድርጋ መስኮቱን ወደ አጥሩ በኩል ከፈተችው። እኛ በደጃችን፥ እማሆይ በደጃቸው፥ ወዲያ ያሉትም በየደጃቸው ጧፍ አብርተው ቆሙ። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ በሺሕ የሚቈጠር ሰው ተጋፍቶ የሚቆምበት ሌሊት ነበረ፤ በዚያ ሌሊት ግን ጧፉ በየአጥሩ ተበታትኖ ሲታይ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ቅጽር መሰለን። የትንሣኤው የምሥራች በተሰማ ጊዜ ለመሳሳም አልተፈቀደልንምና ሁሉም በየደጁ እጅ ተነሣሣ።

ሁሉ ነገር ግን እንዲህ በጨዋታ አላለፈም። በግንቦት ወር ከሰፈራችን አንድ አባት በሌላ ደዌ ዐረፉ፤ ድንኳን አልተተከለም፥ ቀባሪውም ጥቂት ነበረ። አስከሬኑ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ከየደጃፉ ቆሞ አለቀሰ። በዚያ ቀን እማሆይ ቡናቸውን አልጠጡም። «እኔንም እንዲህ አራት ሰው ሊሸኘኝ ነውን?» አሉ። እኛም የምንመልሰው አልነበረንም።

ከዚህ በኋላ ሰኔ 14 ቀን መጣ። ዕለቱ እሑድ ነው። በዚያ ቀን የፀሐይ ግርዶሽ እንደሚሆን፥ በላሊበላ በኩል ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና እንደምትታይ፥ በአዲስ አበባም አብዛኛው ክፍሏ እንደሚሸፈን አስቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ በባዶ ዐይን ማየቱ አደገኛ መሆኑም በየስፍራው ተለፍፎ ነበር። በዚያ ጧት ግን የእማሆይ ቆርቆሮ አልተመታም። ምናልባት ጸሎታቸው ረዝሞ ይሆናል ብለን ጠበቅን። ፀሐይ ወጣች፥ ዝም ነው። እኛ በክዳኑ ሦስት ጊዜ መታን፥ ዝም ነው። ባለቤታችን ስማቸውን ጠራች፥ ዝም ነው። ይህ ሲሆን ብርሃኑ ደብዘዝ ማለት ጀመረ፤ ቀኑ ደመና ሳይኖረው ጥላ የወደቀበት ይመስል ነበር፤ ውሾችም ነገሩ ግራ ገብቷቸው ይጮኹ ነበር። በዚህ ላይ የእናታቸው ነገር ትዝ አለን፦ የተረፈው ደጁን የሚያንኳኳ ያገኘ ነው።

ከዚያ ወዲያ ድንጋይም፥ ኖራም፥ እርምጃም አልታየንም። መዝጊያዋን ከፍተን፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ተከትሎን ገባን። ደጁ ገርበብ ብሏል፤ በውስጥ ማንም የለም፤ አልጋው ተነጥፏል። ባለቤታችን ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ ትንሹ ልጃችን ከቤቱ ጀርባ ሆኖ «መጡ! መጡ!» እያለ ሲጮኽ ሰማነውና ዞረን ሮጥን።

እማሆይ ከጓሮ ባለው በነጩ ግድግዳ ፊት ቆመዋል። ከኋላቸው ካለው ዛፍ ቅጠል መካከል የሚያልፈው የፀሐይ ብርሃን በግድግዳው ላይ ሲያርፍ፥ እንደ ሁልጊዜው ክብ ክብ መሆኑ ቀርቶ፥ በመቶ የሚቈጠሩ ትንንሽ ጨረቃዎች ሆኖ ይታይ ነበር። ቅጠሉ በነፋስ በተነካ ቍጥር ጨረቃዎቹ ሁሉ በግድግዳው ላይ ይርመሰመሳሉ። በልዩ ልዩ ቅጠሎች መካከል ያለችው እያንዳንዷ ቀዳዳ የተጋረደችውን ፀሐይ መልክ ስለምትሥል ነው። እማሆይ ግን ምክንያቱን አልፈለጉም። ጎሕ ሳይቀድ ጀምሮ ፀሐይን ቀና ብለው እንዳያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሲጸልዩ ቆይተው፥ ይህን ባዩ ጊዜ ቆርቆሮውንም፥ እኛንም፥ ቡናውንም ረስተውት ነበር።

«ልጄ፥» አሉ ዘወር ሳይሉ፥ «በዕድሜዬ ይህን አላየሁም። ጨረቃ ልጆቿን ይዛ ከግድግዳዬ ላይ ወረደች።»

ከዚያ ዘወር ብለው ሁላችንን ያለ ማስክ፥ ባዶ እግራችንን፥ እንባችን በጕንጫችን ላይ ሆኖ ባዩን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። ፊታቸው ጥቂት ተለወጠ፤ ዐይናቸውም እንባ አቀረረ። ሆኖም ወዲያው ምርኩዛቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፦

«ሁለት እርምጃ!» አሉ።

እኛም ሁላችን በአንድነት ወደ ኋላችን አፈገፈግን። በምርኩዙ ጫፍ ልክ ቆመን፥ ጨረቃዎቹ እየሰፉ ሄደው እንደገና ክብ ፀሐይ እስኪሆኑ ድረስ አብረናቸው ተመለከትን። ልጆቻችን ዛሬም ስለዚያ ዓመት ቢጠየቁ አስቀድመው የሚናገሩት ይህን ነው።

የክትባቱ ሥራ በአገራችን የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው በሽተኛ በተገኘ ልክ በዓመቱ መሆኑ ነው። ተራው ለአረጋውያን ደርሶ እማሆይ ከተከተቡ በኋላ አንድ ጧት ቆርቆሮውን መምታት ትተው በመዝጊያዋ በኩል ራሳቸው መጡ። የኖራውን ድንጋይ ቀስ ብለው ተሻገሩና ልጆቻችንን አንድ በአንድ እየሳቡ ጕንጫቸውን ይስሙ ጀመር። ትንሹ ልጃችን ቍጥሩ በዛብኝ ብሎ ቢሸሽ፦ «ወዴት ትሄዳለህ? የዓመት ውዝፍ አለብህ፤ ከነወለዱ ነው የምቀበለው» አሉት። እኛም የሕግ ሰው እንደ መሆናችን የወለዱ ልክ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ነገር ግን መቃወሚያ አላቀረብንም።

የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታውን አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃት ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በርሜሉ ከየበሩ ተነሥቷል፤ ማስኩም በየመሳቢያው ውስጥ ተረስቷል፤ ሰላምታችንም ወደ ጥንት ብዛቱ ተመልሷል። እኛ ግን አንድ ነገር ልብ አድርገናል። በደኅናው ዘመን ጎረቤትን «እንዴት አደርሽ» ማለት ከልማድ የሚመጣ ነበረ፤ አፋችን ሲናገር ልባችን ወደ ታክሲው ሰልፍ ይሮጥ ነበርና መልሱን ሳንሰማ የምናልፍበት ቀን ብዙ ነው። በዚያ ዓመት ልማዱ ስለ ተከለከለ ሰላምታ ሁሉ ታስቦ የሚሠራ ሥራ ሆነ። ድንጋይ መደርደር፥ በርጩማ ማቆም፥ ክዳን መምታት፥ መልሱንም ቆሞ መጠበቅ አስፈለገ። ሁለት እርምጃ ርቀን ሳለን ሰምተነው የማናውቀውን ነገር ከእማሆይ የሰማነው ስለዚህ ይመስለናል።

የቀድሞ ሰዎች ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብለዋል። ቅርብ የሚያደርገው ግን የአጥሩ መጠጋት ብቻ አይደለም። በየሰፈሩ ዛሬም ብቻቸውን የሚያድሩ፥ ልጆቻቸው በሩቅ አገር ያሉባቸው፥ በር የሚመታላቸው ያጡ አረጋውያን አሉ። አንባቢ ሆይ፥ የአንተም አጥር ቆርቆሮ ቢሆን ወይም ግንብ፥ ከወዲያ ማዶ ማን እንዳለ ብትጠይቅና ጧት ጧት ብታንኳኳ ገንዘብ አያስወጣህም፤ ወረርሽኝ እስኪመጣም መጠበቅ አያስፈልግህም። እግዚአብሔር አገራችንን ከእንዲህ ያለው መቅሠፍት ይጠብቅልን። በእኛ በኩል ያ የድስት ክዳን ወደ ማድ ቤት አልተመለሰም፤ በአጥሩ አጠገብ በምስማር ተሰቅሎ አለ።